ባዶ ነው ካለህ ንዳው

በባለቤቴ ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ባትላሮስ መንደር ተወለደች፤ ኪምበርሊ ከተማ ተማረች፤ አገባች፤ ልጃችንን ኦራቲሌን ወለደች፤ በብረት ማዕድኑ ለብዙ ዓመታት በታዛዥነት አገለገለች፤ ታመመች፤ ዐረፈች። ያነበቡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ አላሰቡም። እኔ ግን ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ «በታዛዥነት» የምትለው ቃል ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ቆረቆረችኝ። ሴጋሜትሲ ታዛዥ አልነበረችም። ታዛዥ ብትሆን ኖሮ ዕለቱን አካፋ ይዘው አፈር ካለበሷት ሰዎች አንዳንዶቹ ቀድመዋት በሄዱ ነበር።

ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

ገና ሳንጋባ የቤተሰቤ ሽማግሌዎች ቦጋዲውን፣ ማለት የጥሎሹን ከብት፣ ነድተው አባቷ ግቢ ገቡ። በዚያ ቀን ሙሽራ አትታይም፤ ድምጿም አይሰማም። አጎቶቼና አጎቶቿ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከብቱን እያዩ ሲስማሙ አክስቷ ከቤት ወጥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ልጅቱ የላከችው መልእክት አለ» አለች። «ቡናማዋ ላም የኋላ እግሯን ታነክሳለች። በመስኮት አይቻታለሁ። አትቀበሏት» ብላ ነው የላከችው። ላሚቱ የአጎቴ ነበረች። አጎቴ ፊቱ ጠቁሮ ላሚቱን አስነዳት፤ እውነትም አነከሰች። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ይቺ ልጅ ታስቸግርሃለች» አለኝ።

አስቸግራኛለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ።

ልጅ ወልደን ከቆየን በኋላ፣ እኔ በብረት ማዕድኑ ጉድጓድ የገልባጭ ሾፌር ነበርኩ። ገልባጭ ስል ከተማ ውስጥ አሸዋ የሚያመላልሰውን እንዳይመስላችሁ። የዚህኛው ጎማ ብቻ ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም አይደርስበትም። ጋቢናው ላይ ለመቀመጥ መሰላል ይወጣል። እዚያ ላይ ተቀምጠህ ሩቁን ተራራ ታያለህ፤ ከፓራውልትህ ሥር ያለውን ግን አታይም። አንድ ፒካፕ ሙሉ በሙሉ ይደበቅበታል። ሰውማ ምን ይታያል። በየጉድጓዱ እንዲህ ባለ ቦታ ተጨፍልቀው የቀሩ ሰዎች ስላሉ፣ በየገልባጩ ፓራውልት ላይ ራዳር እንዲገጠም ታዘዘ። ከፊት ሰው ወይም መኪና ሲኖር ጋቢና ውስጥ ያለው የራዳሩ ማሳያ መስኮት ቀይ ሆኖ ይጮኻል፤ ባዶ ሲሆን አረንጓዴ ይሆናል።

ራዳሩን የሚገጥመውና የሚጠግነው ከማዕድኑ በር ውጪ ወርክሾፕ ያለው አንድ ትንሽ ድርጅት ነበር። የአንቴናው መሐንዲስ ሴጋሜትሲ ነች። አለቃዋ ስላበርት የሚባል፣ አጭር ሱሪና ረጅም ካልሲ የማይለየው ሰው ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ስልኩ የማያርፍለት። እሱም፣ ሾፌሮቹም፣ ሁላችንም እንደ አገራችን ልማድ በልጇ ስም ማ-ኦራቲሌ እያልን ነበር የምንጠራት። እኔም ራ-ኦራቲሌ፣ የኦራቲሌ አባት፣ ነኝ።

የራዳሩ አንቴና ፊት ለፊቱ ነጭ የፕላስቲክ ሌንስ አለው፤ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። አጉሊ መነጽር ፀሐይን አንድ ቦታ እንደሚሰበስብ፣ ይኸኛውም ሞገዱን ሰብስቦ ወደፊት ይልካል። መጀመሪያ የመጡት ሌንሶች ፊታቸው ላይ ክብ ክብ እየሠሩ የሚዞሩ ቀጫጭን ፈሮች ነበሯቸው። እኛ ለጌጥ መስሎን ነበር። ችግሩ ቀዩ አቧራችን ነው። አቧራው የብረት ነው፤ ፈሮቹ ውስጥ ገብቶ እንደ ሊጥ ይጠቀጠቃል፤ በጨርቅ ብትጠርገው ይብስበታል። ሾፌሮች አጉረመረምን። ድርጅቱም ልሙጥ ሌንስ አዘዘ፤ አንዴ ጠረግ ሲያደርጉት የሚጠራ። ሴጋሜትሲም ተስማምታ ነበር። በኋላ ሰዎች ይህን እያነሱ ሊያሳፍሯት ሲሞክሩ፣ «አዎ፣ እኔም ይሁን ብያለሁ። አቧራውን ፈርቼ የባሰውን አመጣሁ። ስለዚህ የማስተካክለውም እኔ ነኝ» ትላቸው ነበር።

ልሙጡ ሌንስ ጠዋት ጠዋት ደህና ነበር። ቀትር ላይ፣ ድንጋዩ ሲግል፣ ራዳሩ ያለምክንያት ማልቀስ ጀመረ። ፊት ለፊትህ ሰው አለ ይላል። ቆመህ፣ ፍሬን ይዘህ፣ መሰላሉን ወርደህ ታያለህ፤ ማንም የለም። ትወጣለህ። ገና ሳትንቀሳቀስ እንደገና ይጮኻል። ከኋላህ ስድስት ገልባጭ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ፎርማኑ በሬዲዮ ይሰድብሃል።

«ራ-ኦራቲሌ፣ የሚስትህ ፍየል ዛሬም አማጠች!» ይለኛል ስቶፈል። የኡፒንግተን ሰው ነው፤ ከጎኔ ያለውን ገልባጭ ነበር የሚነዳው፤ ምላሱ ዕረፍት አያውቅም። «ስንት ወለደች በላት እስቲ። መንታ ከሆነ አንዱን ለኔ!»

አንዳንዱ ሾፌር የድምፅ ማውጫውን በፕላስተር ሸፈነው። አንዱማ የበላው ማግዊኛ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ የተጠቀለለበትን ቅባት የጠጣ ወረቀት ጠቅጥቆበት ተገኘ።

አንድ ቅዳሜ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ጓሮ ወሰደችኝ። የዝናብ ውኃ የምናጠራቅምበት ትልቁ ታንከር ባዶ ነበር።

«አንገትህን አስገባና ጩኽ» አለችኝ።

«ጎረቤት ምን ይላል?»

«ያበደ ባል አላት ይላል። ጩኽ።»

ጮኽኩ። ጆሮዬ እስኪደነቁር ድምፄ ደጋግሞ መለሰልኝ።

«ማን መለሰልህ?»

«እኔው ራሴ ነኛ።»

«በል ራዳሩም እንደዚሁ ነው። ሞገዱ ከፕላስቲኩ ወጥቶ አየር ላይ ሊደርስ ሲል፣ ከመቶው አምስት እጁ ያህል ከጠርዙ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ከኋላ ግድግዳው ጋር ይላተማል፤ እንደገና ይወጣል፤ ጥቂቱ እንደገና ይመለሳል። እንዲህ ሲንገላታ የቆየው ዘግይቶ ሲደርስ፣ ማሽኑ ከፊቱ ካለ ሰው የተመለሰ ይመስለዋል። የሚፈራው የገዛ ድምፁን ነው። ፈሩ የነበረው ለዚህ ነው፤ ሞገዱን ቀስ አድርጎ ወደ አየር የሚያስወጣ ደረጃ ማለት ነው። እኛ ደረጃውን ነቅለን ጣልነው።»

እሷ መጀመሪያ ያሰበችው መላ ቀላል ነበር። የወርክሾፑ ሰዎች ራዳርን «ሰማይ ማሳየት» የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ደጅ አውጥተው፣ ፊቱን ወደ ጠራ ሰማይ አንጋልለው ያበሩታል። ሰማይ ላይ መልስ የሚሰጥ ነገር ስለሌለ፣ የሚሰማው ሁሉ የራሱ ጩኸት ነው። ያን ጩኸት አስታውሶ ሁልጊዜ ከሚሰማው ላይ እንዲቀንሰው ማድረግ ነው። አደረገችው። ጠዋት ላይ እንደ ሕፃን ጸጥ አለ። ቀትር ላይ ግን ፕላስቲኩ ሲግል ያብጣል፣ ጩኸቱም ይለወጣል። የጠዋቱን ከቀትሩ ላይ መቀነስ የሌላ ሰው ጫማ እንደማድረግ ሆነ። ከዚያም የባሰ ነገር አየች፤ አንዳንዴ የሚቀንሰው የእውነተኛውን ሰው መልስ ነበር። መሞከሯን ተወች፤ አልሠራም ብላም በግልጽ ተናገረች።

አሁን ሁለት መንገድ ቀረ። አንዱ አዲስ ሌንስ ነው፤ ፈሩ ይመለሳል፣ ከፊቱ ደግሞ ውፍረቱ ተለክቶ የተሠራ ልሙጥና ስስ ክዳን ይደረግለታል፤ ሾፌሩ የሚጠርገው ክዳኑን ነው። ይህ የሁለት ወር የቶርኖ ሥራ አለው። ሌላው መንገድ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነው፤ ማሽኑን ከፓራውልቱ ጀምሮ እስከ ሦስት እርምጃ ድረስ የሚመጣውን መልስ ሁሉ እንዳትሰማ ብሎ ማዘዝ።

ስላበርት ሁለተኛውን መረጠ። እኔ ያን ቀን ከጋቢና የተነቀለ የራዳር መስኮት ላስጠግን ወርክሾፑ ሄጄ ስለነበር ንግግራቸውን ሰምቻለሁ።

«ማ-ኦራቲሌ፣ እኔ ውሸት እየወደድኩ እንዳይመስልሽ» አላት። «ሾፌሮቹ እኮ ድምፁን በፕላስተር እየለጠፉበት ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚጮህ ውሸታም ዝም ያለ ዕውር አይሻልም?»

«ዕውርማ ዕውር መሆኑን ያውቃል፤ ሰው እጁን ይዞ ይመራዋል» አለች። «ይሄ ግን ሳያይ አያለሁ ሊል ነው። እሺ፣ ይዘጋ። አረንጓዴውንም አብረው ያጥፉት። መስኮቱ ላይ ‹ቅርቡን አላይም› ብለው ይጻፉበት፤ ያኔ እስማማለሁ።»

«ማዕድኑ አላይም የሚል ራዳር አይቀበለኝም።»

«አይቀበልዎትማ! እርስዎስ ለምን ተቀበሉት?»

ስላበርት ወደ እኔ ዞረ። «ባሏ አይደለህ፣ አንድ ነገር በላት እንጂ!»

«ሚስተር ስላበርት» አልኩት፣ «እኔ ራሴ እሷን ካገባሁ ጀምሮ አንድ ነገር ልላት ተራ እየጠበቅኩ ነው።»

ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ማታ የበቆሎ ገንፎውን፣ ፓፑን፣ በሞሮጎ ጎመን እየበላን፣ እኔም እንደ ጓደኞቼ ድምፁ እንደሰለቸኝ ነገርኳት። ሦስት እርምጃ ምን አላት፣ አልኳት።

«ሦስት እርምጃ ውስጥ ማን ይቆማል?» አለች።

«ማንም አይቆምም።»

«ጎማ የሚያየውስ? ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ ሲሻገር በየት ነው የሚያልፈው?»

በፓራውልቱ ሥር ነው የሚያልፈው። ሌላ መንገድ የለውም።

«ስሙ ማነው?»

«ታውቂዋለሽ እኮ፣ ፒትሶ ነው።»

«እንግዲያው ማንም አትበል። ፒትሶ በል።»

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋሁት።

እሑድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ሆና ሳለ አዲሱ ትእዛዝ በሁሉም ገልባጮች ላይ ተጫነ። ሰኞ ቀትር ላይ ጉድጓዱ ጸጥ አለ። ስቶፈል በሬዲዮ ዘፈነ። «ፍየሏ ሞተች ወንድሞቼ! ዛሬ ሥጋ አለ!» ሁሉም ሳቀ።

ማክሰኞ ቀትር፣ ከምሳ በኋላ፣ ገልባጮቹ በተሰለፉበት ሜዳ የእኔን ዞሬ አይቼ፣ መሰላሉን ወጥቼ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። ቁልፉን ከፈትኩ፤ መስኮቱ በራ። አረንጓዴ። ሞተሩን ላስነሳ እጄን ስዘረጋ ስቶፈል በሬዲዮ ጮኸ። በድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«ራ-ኦራቲሌ፣ ሞተር እንዳታስነሳ! በእናትህ እንዳትነካው! ሚስትህ ከፓራውልትህ ሥር ወንበር ዘርግታ ተቀምጣለች!»

በመስታወቱ ወጥቼ እስክወድቅ አየሁ። የሚታየኝ ቀይ አፈር ብቻ ነው። የራዳሩን መስኮት አየሁ። አረንጓዴ ነው፤ ጥርት ያለ፣ እንደ አዲስ ሣር።

ከዚያ የእሷ ድምፅ በሬዲዮ መጣ። አልጮኸችም። ቤት ውስጥ ጨው አቀብለኝ የምትልበት ድምፅ ነው።

«አሥራ ሰባት ቁጥር ገልባጭ፣ ከፊትህ ምን አለ?»

«ሴጋሜትሲ፣ ውጪ ከዚያ።»

«የጠየቅኩህን መልስ። ማሽኑ ምን ይልሃል?»

«ባዶ ነው ይላል።»

«ባዶ ነው ካለህ ንዳው።»

ሬዲዮው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ወርጄ ሳያት ሄልሜቷን አድርጋ፣ አንጸባራቂ ሰደርያዋን ቆልፋ፣ ለሽርሽር የምንይዛት ታጣፊ ወንበር ላይ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች። ብረቱ ከጭንቅላቷ በላይ እንደ ጣሪያ ተንጠልጥሏል።

«ተነሺ» አልኳት።

«ማን ይነሣ? የለሁም እኮ።»

ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ከየጋቢናቸው ወርደው መጡ። ፎርማኑ በፒካፕ አቧራ እያስነሳ ደረሰ። የባትላሮስ ልጅ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ አብሮት ተምሯል።

«ማ-ኦራቲሌ! ይሄ ምን ማለት ነው? በሥራ ሜዳ ላይ መኪና ፊት መቀመጥ! ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አለችው። «ወጥተህ ማሽኑን ጠይቀው። አለች ካለህ እነሣለሁ።»

«እኔ በዓይኔ እያየሁሽ ነው!»

«ዓይንህ ጎበዝ ነው። እንግዲያው ዓይንህን ፓራውልቱ ላይ ግጠመው።»

ከኋላ የሳቀ አለ። ፎርማኑ ዞሮ ሲያይ ሁሉም መሬት መሬት አየ። ስላበርት ተጠርቶ መጣ። አያት፤ ከዚያ በዚያ ረጅም ካልሲው መሰላሉን ወጥቶ ጋቢናዬ ውስጥ ገባ። ቁልፉን ጠየቀኝ፤ ሞተሩን እንደማያስነሳ አስምዬ ወርውሬ ሰጠሁት። ብዙ ቆየ። ሲወርድ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«አረንጓዴ ነው» አለ። ለማን እንደተናገረ አይታወቅም።

ያን ጊዜ ፒትሶ ከሾፌሮቹ መሃል ወጣ። ጎማ የሚያየው ማለት ነው፤ ጭምት ሰው ነው፣ ቃል ከአፉ በመከራ ነው የሚወጣው። ሄዶ አጠገቧ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ስቶፈል ቆብ የሚያክል ትልቅ መዳፉን ፊቱ ላይ አሳርፎ፣ «እንግዲህ እኔም ባዶ ነኝ» አለና ተከትሎ ተቀመጠ። ሌሎቹም ቀጠሉ። በመጨረሻ የቆምነው ፎርማኑ፣ ስላበርትና እኔ ብቻ ነበርን። እኔም ከሚስቴ እግር ሥር ተቀመጥኩ። አቧራው ይፋጅ ነበር።

ያን ቀን የዚያ ሜዳ ገልባጮች አልተንቀሳቀሱም። አመሻሹ ላይ ትእዛዙ ከሁሉም ማሽን ተነሣ፤ አዲሱ ሌንስ እስኪደርስም ከእያንዳንዱ ገልባጭ ፊት በእግሩ እየሄደ ባንዲራ የሚያሳይ ሰው እንዲመደብ ተወሰነ። ሥራው ቀርፋፋ ሆነ። ማንም አላጉረመረመም ብል ዋሽቻለሁ፤ ግን ያጉረመረመው በለሆሳስ ነው።

ለሴጋሜትሲ ግን ነገሩ በዚህ አላለፈም። የጣሰችው ደንብ ሁላችንም የማልንበት ነው፤ በሥራ ሜዳ ላይ በእግሩ የገባ ሰው የመግቢያ ፈቃዱ ይነጠቃል። የማዕድኑ የደህንነት ኮሚቴ ጠራት። ምስክር ሆኜ እኔም ገብቼ ነበር። ሰዎቹ ሊያባርሯት አልፈለጉም። ሊቀመንበሯ፣ ሽበታም ትልቅ ሴት፣ ሻይ ቀድተው አቀረቡላት።

«ልጄ፣ ዓላማሽ ገብቶናል። ተጸጽቻለሁ፣ ሁለተኛ አላደርገውም ብለሽ ተናገሪ፤ በማስጠንቀቂያ እናልፈዋለን።»

«እማማ፣ ደንቡን ጥሻለሁ። የሚገባኝን ቅጡኝ» አለች። «ተጸጽቻለሁ ግን አልልም። አልተጸጸትኩማ። ነገም ያው አረንጓዴ መብራት ተመልሶ ቢመጣ ያችኑ ወንበር ይዤ እመጣለሁ።»

ስላበርት ጭንቅላቱን ይዞ፣ «አንዲት ቃል እኮ ናት፣ ማ-ኦራቲሌ! እንጀራሽ ነው!» አላት።

«ለእኔ አንዲት ቃል ናት። ለፒትሶ ግን ከፓራውልቱ ሥር ሦስት እርምጃ ናት። ዛሬ ተጸጸትኩ ካልኩ፣ ነገ ሌላ ሰው ‹እሷም ስህተት መሆኑን አምናለች› ብሎ መልሶ ይዘጋዋል።»

«እናትሽን አውቃታለሁ» አሉ ሊቀመንበሯ። «እሷም እንዲህ ነበረች።» ከዚያም ቀጧት። መግቢያዋ ለዘለዓለም ተነጠቀ። መግቢያ የሌለው መሐንዲስ ለስላበርት አይጠቅምም ነበርና፣ የሌንሱን ንድፍ ጨርሳ ለቶርኖ ባለሙያው አስረድታ እስክታስረክብ ብቻ በወርክሾፑ ቆየች። ከዚያ በኋላ በግቢያችን ውስጥ የሰው ዲሽና ሬዲዮ እየጠገነች ኖረች። ደሞዟ ቀረ። አንድም ቀን ቀረብኝ ስትል አልሰማኋትም፤ ዝም ብላ የምትቀመጥባቸው ከሰዓት በኋላዎች ግን ነበሩ።

አዲሱ ሌንስ መጀመሪያ የተገጠመው በእኔ ገልባጭ ላይ ነው። ጠዋቱን ጸጥ ብሎ ዋለ። እኔ የምጠብቀው ቀትርን ነበር። ቀትር ሲሆን ሜዳው ላይ አቁሜ፣ ፍሬን ይዤ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ደወልኩላት። ገና ሳታነሣው ማሽኑ ጮኸ፤ መስኮቱ ቀላ።

«ምንድነው የምሰማው?» አለች።

«እየጮኸ ነው።»

«ማን አለ ከፊትህ?»

በጋቢናው በር መስኮት አንገቴን አውጥቼ ተጣራሁ። ከሥር ፒትሶ መለሰ፤ ወደ ቀኙ ጎማ እየተሻገረ ነበር።

«ፒትሶ ነው» አልኳት።

«ሰውዬው በእውነት አለ?»

«አለ። አሁን እጁን እያወዛወዘልኝ ነው።»

«እንዲያልፍ ንገረው።»

ነገርኩት። አለፈ። መስኮቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ድምፁ ቆመ። ሙቀቱ ከአፈሩ ላይ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅኩ፤ እሷም ጠበቀች። ማሽኑ ዝም አለ። አሁንም ዝም አለ።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«ምንም አልሰማም።»

«እኔም።»



«በል፣ ምሳህን ብላ» አለችኝና ዘጋችው።